የጣውንቷ ወለል

ሺፈረስ ሚስቱ ሳትነቃ ልነሳ ብሎ ጎህ ሲቀድ ዓይኑን ቢገልጥ፣ ከጎኑ ያለው ትራስ ባዶ ነው። ከአልጋው ሥር የደበቀውን ፒንሳና ያረጀ የወጥ ቤት ቢላዋ አንስቶ በባዶ እግሩ ወደ ግቢው ወጣ። ሚስቱን አሮጌዋ መኪና ውስጥ አገኛት። የሌሊት ልብሷን እንደለበሰች፣ ፀጉሯን በሻርፕ ጠፍንጋ፣ በጉልበቷ ተንበርክካ የመኪናዋን ወለል በእጅ መጥረጊያ ትጠርጋለች። ያቺ መኪና እኮ ረፋድ ላይ ተበታትና ግማሿ ወደተገዛችው አዲሷ መኪና፣ ግማሿ ወደ ቁራሌው ልትሄድ ነው።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አላት።

ብድግ ስትል ጭንቅላቷ ከመሪው ጋር ተጋጨ። «እየጠረግኩ ነዋ! ሰው ሊመጣ አይደል? ቆሻሻ ናት ይበሉኝ?» ግንባሯን እያሻሸች እጁን አየች። «አንተስ?»

«እኔማ... ልሰናበታት ብዬ ነው።»

ቢላዋና ፒንሳ ይዞ የሚሰናበት ሰው አይታ የምታውቅ አትመስልም፤ ቢሆንም መጥረጊያዋን ማራገፍ ያዘች። እሱም የሴት ነገር ነው፣ የሚጣለውንም አጥባ ነው የምትጥለው ብሎ አለፈው። ትንሽ ተፋጠው ቆሙ፤ አንዱ ሌላው ወደ ቤት እስኪገባ እየጠበቀ። የጎረቤት በር ሲንቋቋ፣ የጋራው ቧንቧ መንሿሿት ሲጀምር፣ ሁለቱም እኩል ገቡ።

ሺፈረስ እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። የመኪናዬ ሞተር የሺህ ፈረስ ጉልበት አለው ብሎ ሠፈሩን ስላደነቆረ የተሰጠው ነው። መኪናዋን ደግሞ ሚስቱ አንድ ቀን ተናዳ «ጣውንቴ» ስላለቻት ጣውንቷ ተብላ ቀረች። እንደ ባሏ አፍ ከሆነ የጣውንቷ ክላክስ የሚሰማው እሷ ካለፈች በኋላ ነው፤ ድምፁ አይደርስባትም። አንዴ ቁልቁለት ላይ ፍሬኗ ተበጥሶ ሳለ፣ አንድ ሽማግሌ መንገድ ሲያቋርጡ አይታ በአክብሮት ቆማለች። ነዳጅ ያለቀባት ዕለት ደግሞ የማደያውን ሽታ ብቻ ምጋ እቤቷ ገብታለች። እውነቱን የሚያውቀው ግቢው ነው። ጣውንቷ ከሄደችበት የተኛችበት ይበዛል። ሰውየው ወረቀት ሲቆርጥ ከሚውልበት ማተሚያ ቤት ሲመለስ እራት ሳይቀምስ ኮፈኗን ከፍቶ ይደፋባታል፤ ከወገቡ በላይ ውስጧ፣ ከወገቡ በታች ውጭ። ሚስቱ «የባሌን ፊት ከረሳሁ ቆየሁ፣ መቀመጫውን ግን ከሺህ ሰው እለየዋለሁ» ትል ነበር። ሞተሯ ዛሬም ጤነኛ ነው። አካሏን ግን ዝገት በልቶት፣ በሯ በተዘጋ ቁጥር ቡናማ ዱቄት ታራግፋለች። አዲሷ የተባለችውም በዕድሜ እኩያዋ ናት። አንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ የሸጣት፣ ሞተር የሌላት፣ ላሜራዋ ግን ጭረት ያልነካው ነጭ አካል። በሯ ላይ የተፋቀው የመሥሪያ ቤት ስም ፀሐይ ሲያርፍበት ብቻ እንደ ጠባሳ ብቅ ይላል። ሁለቱን ከግድግዳው ጋር ጎን ለጎን አቁሟቸዋል። ሞተሩ፣ መሪው፣ ወንበሩ፣ መብራቱ ከአንዷ ወጥቶ ወደ ሌላዋ ይገባል። ዛሬ።

ወንበሮቹ ሲነሱ ደግሞ ወለሉ ባዶውን ይቀራል። ወለሉ ላይ የተለጠፈ ምንጣፍ አለ። ከምንጣፉ ሥር ብርድ ልብስ አለ።

የሚስቱ እናት ሲሞቱ ለሁለት ሴት ልጆቻቸው የተረፈ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ነበር፤ ግራጫ፣ ዳር ዳሩን ቀይ መስመር የዞረው። የታላቅ ነው የታናሽ ሳይባል እዚህ ቤት ቁም ሣጥን አናት ላይ ተቀመጠ። ታናሽየዋም ያኔ ስፌት እየተማረች እነሱ ዘንድ ነበር የምትኖረው። ሺፈረስን የሞተሩ ሙቀትና ጩኸት በወለሉ እየመጣ አላስቀምጥ አለው። አንድ ቅዳሜ ቤቱ ጭር ሲል ብርድ ልብሱን አወረደ። አሮጌ ጨርቅ መሰለው፤ የማን ነው ብሎ አልጠየቀም። ለማርሹ ዘንግ ማሳለፊያ መሃሉን በመቀስ ቀደደው፣ በሙጫ ለጠፈው፣ ምንጣፍ አለበሰው። የዚያን ዕለት ጣውንቷ እንደ ድመት አንኮራፋች። ሳምንቱ ሳያልቅ ሚስቱን ቁም ሣጥኑ ሥር ተቀምጣ ስታለቅስ አገኛት። የእናቷ መሆኑን የሰማው ያን ጊዜ ነው። ቀድጄዋለሁ ሊል አፉን ከፈተ፤ የወጣው ሌላ ሆነ። «እህትሽን ፌርማታው ጋ አየኋት፤ ግራጫ ጥቅል በብብቷ ይዛ ወደ ልባሽ ገበያው በሚሄደው አውቶቡስ ስትገባ። በዓይኔ በብረቱ!» ወሬ ሲጀምር ማቆም አያውቅምና ጨመረበት፤ እየሮጠች ነበር፣ ግራ ቀኝ ታይ ነበር፣ ስጠራት እንዳልሰማ ሆነች። ነገ ቀልዴን ነው እላለሁ ብሎ ተኛ። ሲነጋ ታናሽየዋ ሻንጣዋን ይዛ ወጥታ ነበር። ሰው የሺፈረስን ወሬ ስቆ ነው የሚያልፈው። ያቺ ግን በሕይወቱ ካወራው ሁሉ ትንሿ ውሸት ስለነበረች ታመነች። ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የሱ ስንቅ እያደር ድንጋይ ሆነ።

ረፋድ ላይ በያጁ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ሰንሰለትና ቁልፎች የሞላ ከረጢት እየጎተተ መጣ። ጎረቤትም ጓደኛም ነው። ሥራ ያለ ጨዋታ የማይሆንለት ሰው ስለሆነ ገና ከበሩ፣ «የዝውውር ኮሚቴው ገብቷል! ሠራተኛ ሁሉ ተሰለፍ!» ብሎ ጮኸ። መስታወቱን ነቅሎ ወደ ሰማይ አነሳው። «ይዛወር ወይስ ይጣል?»

«ይዛወር።»

«የሥራ ልምድ?»

ሌላ ቀን ቢሆን ሺፈረስ ስለ መስታወቱ ግማሽ ሰዓት ያወራ ነበር፤ ከኋላ የሚመጣውን ዝናብ አስቀድሞ እንደሚያሳይ፣ አንዴ ያበደረውን ሰው ከሦስት መንደር ርቀት እንዳሳየው። ዛሬ «ደህና ነው» ብቻ አለ። በያጁ ገልመጥ አደረገውና ፍሬቻውን መፍታት ጀመረ።

ሰፊዋ የደረሰችው ያኔ ነው። ሰፊዋ የሚላት ሠፈሩ ነው፤ የሚስቱ ታናሽ እህት ናት። የመኪና ወንበር በመስፋት ትታወቃለች፤ ከገበያው ጀርባ ጠባብ ሱቅ አላት። ማንም አልጠራትም። መኪና መግዛታቸውን ከሰው ሰምታ፣ «ወንበሩን እኔ ልስፋላችሁ፤ የእጄንም አልቀበልም» ብላ የላከችባቸው ራሷ ናት። ማሽኗን በጋሪ አስጭና፣ የተጠቀለለ ጥቁር ቆዳ ታቅፋ ገባች። ሺፈረስ ሲያያት ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጥቶ የያዘውን ብሎን ማጥበቅ ጀመረ፤ ሊፈታው የነበረውን። ያልበደለ ሰው ካሣ ይዞ ሲመጣ ማየት ከባድ ነው፤ ካሣውን የሚቀበለው በዳዩ ሲሆን ደግሞ ምድር ይጠብባል።

«እትዬ፣ እንዴት አደርሽ?» አለች እህቷን።

«ግቢ፣ ግቢ። ቆዳውን ገዛሽው እንዴ? እኛ እንገዛው አልነበር?»

«ሊጨምር ነው ሲሉኝ ጊዜ።»

«ስፖንጅም ተወደደ አሉ።»

«ምን ያልተወደደ አለ?»

ወሬው እዚያ ላይ አለቀ። ሁለት እህትማማቾች ስለ ስፖንጅ ዋጋ ማውራት የሚችሉት ይህን ያህል ነው። በረንዳው ላይ ማሽኗን አስቀምጣ፣ ለመኝታ ቤቱ በር ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። ቁም ሣጥኑ ያለበትን ክፍል ከወጣች ወዲህ ረግጣው አታውቅም። ለጥየቃ ስትመጣ ከበሩ አጠገብ ባለው ወንበር ጫፍ ትቀመጣለች፤ ውሃ ትጠጣለች። ልትሄድ ስትል ደግሞ ቦርሳዋን ወለል አድርጋ ከፍታ መሀረብ ትፈልጋለች። መሀረቡ ሁልጊዜ አይገኝም። የቦርሳው ሆድ ግን ለሁሉም ይታያል፤ ቁልፍ፣ ሜትር፣ ማበጠሪያ፣ ሌላ ምንም። ሺፈረስ ያንን ቦርሳ ሲከፈት ላለማየት ስንቴ ጫማውን እንዳሰረ!

ወንበሮቹ ተፈትተው በረንዳው ላይ ተደረደሩ። ሰፊዋ አሮጌውን ልብስ ገፍፋ፣ በልኩ ቆዳ ቆርጣ ማሽኗን አስጮኸች። እጇ ፈጣን ነው። አፏ ውስጥ መርፌ ይዛም ቢሆን በያጁ በሚናገረው ትስቃለች፤ ከታላቅዋ ጋር ያልሳቀችውን ሁሉ ከሱ ጋር እያካካሰች ይመስላል። በያጁም የሚሰማው ሲያገኝ ባሰበት። ክላክሱን ሲያወጣ «ይሄ እድገት ይገባዋል» ይላል፤ የዛገውን ፓራውልት ሲነቅል «ይጣል፤ ጡረታውንም ከልክሉት» ይላል። አንዴ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ወደ ጣውንቷ ሄደች።

«ጋሼ፣ ያን ምንጣፍ ላንሳው? ለአዲሷ የምቆርጠውን በሱ ልክ ብለካው ይቀለኛል።»

«እንዳትነኪው! እባብ አለ» አለ ሺፈረስ፤ ከዚያ የተሻለ አልመጣለትም።

«እባብ?»

«ባለፈው ክረምት የገባ። እኔን ለምዶኛል እንጂ እንግዳ አይወድም።»

«አንተ ደሞ!» ብላ ሳቀች፤ እጇን ግን ወደ ምንጣፉ ጫፍ ሰደደች። ይሄኔ ሚስቱ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። «ተይው አንቺ፤ አቧራው ለደረትሽ አይሆንም። እሱን እኔው አወጣልሻለሁ።» ሰፊዋ ተመለሰች። ሺፈረስ ውስጥ ውስጡን ፈጣሪውን አመሰገነ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ከበረንዳው ስትነሳ፣ ሚስቱ ቀድማ ሳሙናና ባልዲ ይዛ ጣውንቷ ውስጥ ገባችና በሩን ማጠብ ያዘች፤ ተነቅሎ የሚጣለውን በር። ምሳ ሲደርስም ዳቦውን፣ የተቀቀለውን ድንችና ሻዩን ትሪ ላይ አድርጋ ወስዳ፣ ወንበር የሌላት መኪና ወለል ላይ ዘርፈጥ አለች። «ኑ፣ እዚህ ጥላ ነው!» በያጁ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ከጣውንትሽ ጋር ዛሬ ገና ታረቃችሁ?» ሁለቱ ወንዶች የበሯ ደፍ ላይ ተቀምጠው፣ ሰፊዋ ቆማ በሉ። ሺፈረስ ዛሬስ በሚስቴ ላይ መልአክ አድሮባታል ብሎ ድንቹን ዋጠ። ስትቀመጥበት በዋለችው ወለል ላይ እሱ ከመሸ በኋላ ብቻውን ይመለሳል፤ ቢላዋው አለ፣ ጆንያም አዘጋጅቷል። ሰፊዋን አንዴ ካሳለፈ ነገሩ አለቀለት። እንዲያ አሰበ፤ ያሰበውንም ወደደው፤ ወዲያው የወደደበትን ራሱን ጠላው።

ከምሳ በኋላ የሞተሩ ተራ ሆነ። በያጁ በግቢው ወፍራም ምሰሶ ላይ መዘውር አስሮ ሰንሰለቱን በሞተሩ አሳለፈ። «አንተ ሳብና ያዝ፤ እኔ ከሥር የቀሩትን ብሎኖች እፈታለሁ። እንዳትለቅ! ሺህ ፈረስ ራሴ ላይ እንዳትጥል።» ሺፈረስ እግሩን አንፈራጦ ሰንሰለቱን በሁለት እጁ ጨበጠ። ሞተሩ ከጎጆው እየተንገራገጨ ተነሳ፤ ዘይት የሚያንጠባጥብ ጥቁር ልብ ይመስል አየር ላይ ተንጠለጠለ። ሥሩ ጓደኛው በጀርባው ተኝቷል። ሚስቱ ትሪውን ልታጥብ ገብታለች። ሰፊዋ በዚያው ሰዓት የፊተኞቹን ወንበሮች ጨርሳ፣ ክሩን በጥርሷ በጥሳ፣ እጇን አራገፈችና መቀሷን ይዛ ወደ ጣውንቷ ሄደች።

«ጠብቂ!» አለ ሺፈረስ።

«ጋሼ፣ እባቡን እገድልልሃለሁ» አለችው እየሳቀች፣ ጎንበስ ብላ ገባች።

ሊሮጥ አይችልም። ሰንሰለቱን ቢለቅ ሰው ይገድላል። «አንቺ!» ብሎ ወደ ወጥ ቤቱ ጮኸ፤ ሚስቱም እጇ አረፋ እንደሆነ ወጣች፣ የእህቷን ጀርባ ጣውንቷ ውስጥ አየች፣ ሮጠች። «ተይው ብዬሽ! እኔ...» ምንጣፉ ረጅም፣ ደረቅ የመቀደድ ድምፅ አሰማ። ሙጫው ለዓመታት የያዘውን ላለመልቀቅ የሚታገል ይመስል ነበር። ከዚያ ከሞተሩ ሥር የበያጁ ቁልፍ ብቻ ይንቋቋል።

ሰፊዋ ለመውጣት ቆየች። ስትወጣ ምንጣፉን ጥላ ሌላ ነገር ይዛለች፤ ግራጫ፣ በሙጫና በዘይት የደረቀ፣ በቀይ መስመር የታጠረ። ፀሐይ ላይ ዘረጋችው። በአንዱ ማዕዘን፣ ብል በልቶት የነበረበት ቦታ፣ በቢጫ ክር የተጣፈ እራፊ አለ፤ አጫጭር፣ እንደ ጉንዳን የተሰለፈ ስፌት። የሰው እጅ ጽሕፈት እንዳለው ሁሉ ስፌትም አለው፤ ሰፊዋ የእናቷን ስፌት በጣቷ ተከትላ ሄደች። ጣቷ መሃል ሲደርስ በክቡ ቀዳዳ አለፈ። በያጁ ይሄኔ ከሥር ወጥቶ ሰንሰለቱን ከሺፈረስ እጅ ተቀብሎ ምሰሶው ላይ ቋጠረ፤ ጨርቁን አየና እንደ ልማዱ፣

«ይሄስ? ይዛወር ወይስ ይጣል?» አለ።

ወደ ሺፈረስ ዞረ። «የየትኛው ንጉሥ ካባ ነው? ንገረን እንጂ ሺፈረስ!»

ሺፈረስ አፉን ከፈተ። ከየት እንደመጡ ሳያውቅ ሦስት አራት ወሬዎች እኩል መጡለት፤ ከመኪናዋ ጋር የተገዛ ነው የሚል፣ ልባሽ ገበያ አግኝቼ መልሼ ገዛሁት የሚል። ሁለተኛው እንዲያውም ያምራል። የዘይት እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «እኔ ነኝ የወሰድኩት» አለ። «ፌርማታው ጋ ማንንም አላየሁም።»

በያጁ ቀጣዩን ለመስማት ፈገግ ብሎ ጠበቀ። ቀጣይ አልነበረም። ፈገግታው ቀስ እያለ ፊቱ ላይ ደረቀ። መነጽሩን ዓይኑ ላይ አውርዶ ወደ ከረጢቱ ዞረ፤ የሚበየድ ነገር ግን አልነበረም።

ሰፊዋ ሺፈረስን አላየችውም። የምታየው እህቷን ነው። አረፋው ከእህቷ ጣቶች እየተንጠባጠበ መሬቱ ላይ ነጠብጣብ ሠርቷል።

«እትዬ» አለች። «አንቺ አልደነገጥሽም።»

ሺፈረስም ዞሮ ሚስቱን አየ። የማለዳው መጥረጊያ፣ ባልዲው፣ ወለል ላይ የተበላው ምሳ አንድ በአንድ ተሰለፉለት፤ በባዶ እግሩ ሲደርስባት በመጥረጊያዋ ሥር የምንጣፉ ጫፍ ተገልጦ እንደነበርም አሁን ትዝ አለው። መልአክ አልነበረም።

«ጉትቻዬ ወድቆብኝ የምንጣፉን ጥግ ገለጥኩት» አለች ሚስቱ፤ ድምፅዋ ከራሷ የወጣ አይመስልም። «አንቺ በወጣሽበት ዓመት፣ ክረምቱ ሳያልቅ። ከዚያ ምን ብዬ ልጥራሽ? ሌባ ብዬ ያስወጣሁሽን ምን ብዬ ልጥራሽ? አፈርኩ።»

«አፈርሽ?» ሰፊዋ አልጮኸችም። «እፍረቱንማ ለኔ ሰጥታችሁኝ ነበር።»

ብርድ ልብሱን በአራት አጠፈችው፤ ቀዳዳው ወደ ውስጥ እንዲገባ አድርጋ፣ ሁለት ጊዜ አስተካክላ። መቀሷን፣ ሜትሯን፣ ክሮቿን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «የፊተኞቹ አልቀዋል» አለች ወደ ወንበሮቹ ሳትዞር። «ለኋለኛው ቆዳው ይበቃል። በሌላ ሰው አሰፉ። ማሽኑን በጋሪ አስወስዳለሁ።» ከበሩ ስትደርስ ሺፈረስ ሳያውቀው ወደ ጫማው ማሰሪያ ጎንበስ አለ፤ ቦርሳዋን የምትከፍትበት ቦታ ነበርና። አልከፈተችም። ዘግታው አለፈች።

ትንሽ ቆይቶ እግሩ ወደ በሩ ወሰደው። ፌርማታው ከመንገዱ ማዶ፣ ከጫማ ጠጋኙ ጥላ አጠገብ ነው። ቆማለች። ግራጫው ጥቅል በብብቷ ነው፤ ቀዩ መስመር ከሩቅ ይታያል። እሱ ያን ጊዜ እየሮጠች ብሎ ነበር። አልሮጠችም። ግራ ቀኝ ታያለች ብሎ ነበር። የምታየው አውቶቡሱ የሚመጣበትን ብቻ ነው። ጣቱን ቢቀስር ሰው ሁሉ የሚያያት፣ ቀን በቀን፣ ጥቅሏን ያልደበቀች ሴት። በዓይኑ በብረቱ አያት።

ከኋላው፣ ከበሩ ጀርባ፣ ሚስቱ መጥታ ቆመች። ብቅ ለማለት አልደፈረችም፤ ትንፋሿ ብቻ ይሰማዋል። ግቢው ውስጥ ሞተሩ በሰንሰለቱ እየተወዛወዘ፣ ከሁለቱም መኪኖች የአንዷም ሳይሆን ተንጠልጥሏል።

«ሄደች?»

«ገና ናት። አውቶቡሱ አልመጣም።»

«ወደዚህ ዞር ብላ አየች?»

አንዲት ቃል ነበረች የምትበቃው። ትንሽ፣ ማንንም የማትጎዳ፣ ሚስቱን ዛሬ ማታ የምታስተኛት። ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳ ቆማ ነበር። አውቶቡሱ መጣ፤ በሩ ተከፈተ፤ ጥቅሉ ከሷ ቀድሞ ገባ።

«አላየችም» አለ።